ሮምን ያገነናት ሰይፏ ብቻ ነበር?

የሮም ታሪክ ሲነሳ ቀድማ የምትመጣው ተኩላዋ ናት። ወንዝ ዳር የተጣሉ መንትዮችን አጥብታ አዳነች፤ ሮሙሉስም ካደገ በኋላ ወንድሙን ገድሎ በ753 ከተማዋን ቆረቆረ ይባላል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው)። ዓመቱን ቀምረው ያወጡት ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የኖሩ ሮማውያን ሊቃውንት ናቸው። ከተማዋን የጠቀማት ቦታዋ ነው፤ የቲቤርን ወንዝ ለመሻገር በሚመች ስፍራ ተቀምጣለች፣ ከባሕር ዳር ወደ ደጋው የሚወጣው የጨው መንገድም በደጇ ያልፋል።

ይበልጥ ሥር የሰደደው ተረት ሮም የማትሸነፍ ነበረች የሚለው ነው። እውነታው ግን የጥንቶቹ ሮማውያን ደጋግመው ተሸንፈዋል፤ አንዳንዴም በሚያሳፍር ሁኔታ። በ390 ገደማ ከሰሜን የመጡት ጎሎች በአሊያ ወንዝ ዳር የሮማውያንን ሠራዊት በትነው ከተማዋ ውስጥ ገቡ። በ321 ሳምኒቶች የተባሉት የተራራ ሰዎች በካውዲን ጠባብ መተላለፊያ ከበው እጅ አሰጧቸውና በቀንበር ሥር አጎንብሰው እንዲያልፉ አደረጓቸው። የኤጲሮሱ ንጉሥ ፒሩስ ደግሞ በ280 እና በ279 በተከታታይ ድል ነሳቸው። ይሁንና እሱ የሞቱበትን የሚተካበት አጥቶ ሲቸገር እነሱ አዲስ ሠራዊት ይዘው ይመጡ ነበር። በ275 ጣሊያንን ለቆ ሄደ።

ስለ ጎሎቹም ቢሆን ወሬው ተጋኗል። የሮም ጸሐፊዎች ከተማዋ እንዳለ ነደደች ቢሉም ቁፋሮው ያን የሚያህል የቃጠሎ ምልክት አላገኘም። ይልቅስ ከወረራው ጥቂት ዓመታት በኋላ ሮማውያን 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የድንጋይ ቅጥር መገንባት ጀመሩ። ድንጋዩ በብዛት የተጫነው ከቬዪ ግዛት ነው፤ በ396 ከያዟት ባላንጣ ከተማ። አመድ የሆነ ሕዝብ ይህን ያህል ቅጥር አያቆምም።

ታዲያ የማያልቀው ወታደር ከየት መጣ? በደመወዝ የሚያድር ቋሚ ጦር ገና አልነበረም፤ የሚዘምተው የራሱን ትጥቅ የሚችል ገበሬ ነበር። እኔ ከድሎቹ ሁሉ ይልቅ 338ን አስበልጣለሁ። በዚያ ዓመት ሮም ጎረቤቶቿን ላቲኖችን ድል አድርጋ ማኅበራቸውን አፈረሰችና ከእያንዳንዱ ከተማ ጋር ለየብቻ ተዋዋለች። ላኑቪየምና አሪኪያ ሙሉ ዜግነት ተሰጣቸው። ቲቡርና ፕራይኔስቴ መሬት ተቆርሶባቸው አጋር ተባሉ። በደቡብ ያለችው ካፑዋ ድምፅ የማያሰጥ ዜግነት አገኘች። በገንዘብ የሚከፈል ግብር በአጋሮቹ ላይ አልተጣለም፤ የተጠየቁት ወታደር ነው። ትናንት የወጋት በማግስቱ ከጎኗ ይሰለፍ ጀመር። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዩስ በ225 ሮምና አጋሮቿ ሊያሰልፉ የሚችሉት እግረኛ ከ700,000፣ ፈረሰኛው ደግሞ ወደ 70,000 እንደሚደርስ መዝግቧል። በ216 የካርቴጁ የጦር መሪ ሐኒባል ካናይ ላይ በአንድ ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችን ሲፈጅ ካፑዋ ከድታ ወደ እሱ ብትዞርም የላቲን ከተሞች ግን ጸኑ፤ ሮምም ጦርነቱን ቀጠለች።

ይህን ሰምተው ሮማውያን ቸሮች ነበሩ የሚሉ አሉ፤ ይሄም ሌላ ተረት ነው። የቬዪ ነዋሪዎች ለባርነት እንደተሸጡ የሮም የራሷ ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ ይነግረናል። አጋርነቱም ቢሆን ስሌት ነበረው። ግብር የማይከፍል አጋር ጥቅም የሚሰጠው ሲዘምት ብቻ ስለሆነ፣ ሮም ውሉን ለመጠቀም በየዓመቱ ማለት ይቻላል ጦር ማስወጣት ነበረባት። አዲስ ድል አዲስ መሬት ያመጣል፤ መሬቱ ላይ ሰፋሪ ይተከላል። በ334 ወደ ካሌስ 2,500 ሰፋሪዎች ተላኩ። በ312 ደግሞ ሮምን ከካፑዋ የሚያገናኘው የአፒየስ መንገድ ሥራ ተጀመረ፤ ጦሩ ወደ ሳምኒቶች ግንባር ፈጥኖ እንዲደርስ።

የሂሳቡ ዕዳ የመጣው ዘግይቶ ነው። የሮምን ጦርነቶች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተዋጉት አጋሮች በ91 ዜግነት ተነፍገናል ብለው ዐመፁ፤ ከዋነኞቹ ዐማፂዎች መካከል የካውዲኖቹ ድል አድራጊዎች ዘሮች፣ ሳምኒቶቹ ነበሩ። ሮም በ90 ባወጣችው ሕግ ላላመፁት አጋሮች ዜግነቱን ሰጠች።