የተቆረጠ የጣት ነርቭና የመዳሰስ ስሜትን የሚመልስ ቀዶ ሕክምና

በምሥራቅ ጎጃም፣ በደብረ ወርቅና በአካባቢዋ፣ የጤፍና የስንዴ አጨዳ የሚከናወነው በአብዛኛው በማጭድ ነው። አጫጁ አዝመራውን በግራ እጁ ጨብጦ ማጭዱን በቀኝ እጁ ስለሚስብ፣ ስለቱ ሲያመልጠው የሚቆረጡት የግራ እጁ ጣቶች ናቸው። ቁስሉ ትንሽ ሊመስል፣ ቆዳውም ተሰፍቶ ቶሎ ሊድን ይችላል። የነርቩ መቆረጥ ሳይታወቅ ከቀረ ግን ጣቱ ደንዝዞ ይቀራል፤ የጋለ ነገር ሲነካም ሳይሰማው ይቃጠላል።

እያንዳንዱ ጣት በመዳፍ በኩል፣ በግራና በቀኝ ጎኑ የሚወርዱ ሁለት የስሜት ነርቮች አሉት። በጣት ውስጥ ነርቩ ከአርተሪው ይልቅ ለመዳፍ ቆዳ የቀረበ ነው። ስለዚህ ከመዳፍ በኩል በገባ ስለት አርተሪው ተቆርጦ ደም እየተፈናጠረ ከፈሰሰ፣ ነርቩም መቆረጡን መጠርጠር ይገባል። ደሙ እጅን ከፍ በማድረግና በንጹሕ ጨርቅ በመጫን ይቆማል፤ በቁስሉ ውስጥ በጭፍን በመቆንጠጫ መያዝ ነርቩን ሊጨፈልቀው ይችላል።

ስሜት መመርመር ያለበት ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት ነው። ሕመምተኛው ዐይኑን ጨፍኖ የጣቱ ጫፍ ሁለት ጎኖች በየተራ በጥጥ ይነካሉ፤ ከጤናማው እጅ ጋርም ይነጻጸራሉ። ውጤቱ በካርዱ ላይ ይመዘገባል። ስሜት ከሌለ ቁስሉ በሚገባ ታጥቦ፣ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) መከላከያ ተሰጥቶ፣ ሕመምተኛው የነርቭ ጥገና ወደሚደረግበት ሆስፒታል በቀናት ውስጥ መላክ አለበት። ወራት ካለፉ የነርቩ ጫፎች ይሸሻሉ፣ በጠባሳም ይያዛሉ፤ ከሌላ የሰውነት ክፍል የተወሰደ ነርቭ መትከልም ሊያስፈልግ ይችላል።

በቀዶ ሕክምናው የነርቩ ጫፎች በማጉያ መነጽር ወይም በማይክሮስኮፕ እየታዩ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ሳይወጠሩ ይሰፋሉ። ይህ ግን ስሜቱን ወዲያው አይመልስም። አውገስተስ ዎለር እ.ኤ.አ. በ1850 እንዳሳየው ከተቆረጠበት ወዲያ ያለው የነርቭ ክር ይፈርሳል፤ አዲሱ ክር በቀረው ሽፋን ውስጥ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ስለዚህ ከሥሩ የተቆረጠ ጣት ጫፉ እስኪሰማው ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በሕፃናት ውጤቱ የተሻለ ነው፤ በዐዋቂዎች ስሜቱ እንደ ቀድሞው ሙሉ በሙሉ የሚመለሰው አልፎ አልፎ ነው።

በዚህ የመጠበቂያ ጊዜ የደነዘዘው ጣት ጥበቃ ይሻል። ከሥጋ ደዌ ሕክምና የተገኘው ትምህርት እዚህም ይሠራል፦ ትኩስ ዕቃ በወፍራም ጨርቅ ይያዝ፤ እጅም በየዕለቱ በዐይን ይፈተሽ። ስሜቱ መመለስ ሲጀምር ሕመምተኛው ዐይኑን ጨፍኖ ስንዴን ከባቄላ፣ ሳንቲምን ከቁልፍ በዳሰሳ እንዲለይ ማለማመድ አእምሮ አዲሱን መልእክት እንዲረዳ ያግዛል።