ስለ ዕርጅና ምክንያትና በሰውነታችን ውስጥ ስላለው የኃይል ምድጃ

በየመሥሪያ ቤቱ የሚቀመጠው የሠራተኛ ማኅደር የእያንዳንዱን ሰው የልደት ዘመን ይዟል። የመንግሥት ሠራተኛም በዚያ ቍጥር መሠረት 60 ዓመት ሲሞላው በጡረታ ይሰናበታል። መዝገቡ ለሕግ ሥራ የሚበቃ ነው፤ ሥጋ ግን በመዝገብ አይመራም። በአንድ ዓመት ተወልደው በአንድ ቀን ጡረታ ከወጡት ሁለት ባልንጀሮች አንደኛው የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ያለ ድካም ሲወጣ፣ ሁለተኛው መካከሉ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ እናያለን። ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ነው? ሊቃውንት ከደረሱባቸው ምክንያቶች አንዱን ዛሬ ባጭሩ እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ቆሼን ያውቃታል። በበርበሬው ስሙ በታወቀው በማረቆ አገር ያለች ከተማ ናት። በዚያ አካባቢ አንድ አዛውንት ዕድሜያቸውን ቢጠየቁ «አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ ከብት እጠብቅ ነበር» ብለው ሊመልሱ ይችላሉ። በገጠሩ ዕድሜ የሚለካው በቍጥር ሳይሆን ሁሉ በሚያውቀው ነገር ነውና መልሱ አያስደንቅም። የሰውን ዕድሜና ጤና ለሚመረምር ሊቅ ግን የተጻፈ ቍጥር ያስፈልገዋል። ስለዚህ በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ፣ በዚያን ጊዜ መስቃንና ማረቆ ይባል በነበረው ወረዳ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን አቋቋመ። በተመረጡት ቀበሌዎች ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ገባና ማን እንደ ወጣ ቤት ለቤት እየተጠየቀ ይመዘገብ ጀመር። እንዲህ ያለው መዝገብ የሰውን ዕድሜ መጀመሪያና መጨረሻ ይነግረናል። በመካከሉ ጉልበት ለምን እንደሚደክም ለማወቅ ግን ወደ ሥጋው ውስጥ መግባት ግድ ይሆናል።

ሰውነታችን በዓይን በማይታዩ ሕዋሳት የተገነባ ነው። ከቀይ የደም ሕዋሳት በቀር፣ በሕዋሳቱ ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይገኛሉ። እንደ ልብ ያሉ ዕረፍት የሌላቸው ሕዋሳት እነዚህን በብዙ መቶና በሺህ የሚቈጠሩ አድርገው ይይዛሉ። የበላነው እንጀራ ወይም ቆጮ ከተፈጨና ወደ ደም ከገባ በኋላ፣ በምንተነፍሰው ኦክሲጅን ረዳትነት አብዛኛው ወደ ጉልበት የሚለወጠው በነርሱ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ፒተር ሚቸል የዚህን አሠራር ሐሳብ በ1961 አቀረበ፤ በ1978ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ነገሩን ለመረዳት በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራውን የቆቃን ግድብ ማሰብ ይበቃል። ግድቡ ውሃውን አከማችቶ ሲለቀው መዘውሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ፣ ሚቶኮንድሪያም ፕሮቶን የተባሉትን ቅንጣቶች ከአንድ ስስ ግድግዳ ማዶ ያከማቻል። ቅንጣቶቹ ተመልሰው ሲፈስሱ አንዲት እጅግ ጥቃቅን መሣሪያ ትዞራለች፤ በመዞሯም ኤ.ቲ.ፒ. የሚባለው፣ ሕዋስ ሁሉ የሚሠራበት የኃይል ስንቅ ይዘጋጃል።

የዚህ ምድጃ ልዩ ጠባይ የራሱ የሆነ የትእዛዝ ጽሑፍ ያለው መሆኑ ነው። የዘር ጽሑፍ፣ ማለት ዲ.ኤን.ኤ.፣ አብዛኛው በሕዋሱ እንብርት ተቀምጦ ወደ 20,000 የሚጠጉ የፕሮቲን መሥሪያ ዘረ መሎችን ይዟል። ማርጊት ናስና ሲልቫን ናስ ግን በ1963 በሚቶኮንድሪያ ውስጥም ዲ.ኤን.ኤ. እንዳለ አሳዩ። በ1981 በካምብሪጅ ያሉ ሊቃውንት የሰውን የሚቶኮንድሪያ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፤ 16,569 ፊደላትና 37 ዘረ መሎች ብቻ ያሉት አጭር ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ።

አጭርም ቢሆን ያለ ማቋረጥ ይገለበጣል። ቍም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ቢስት፣ ከዚያ ግልባጭ የሚገለብጠው ሁሉ ስሕተቱን ይወርሳል። በዘር ጽሑፍ ላይ የሚደርሰው እንዲህ ያለ ስሕተት ሚውቴሽን ይባላል። በሕዋሱ እንብርት ውስጥ ስሕተትን እያዩ የሚያቃኑ ብዙ አራሚዎች አሉ፤ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ያሉት ግን ከዚያ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ በዕድሜ ብዛት ስሕተቱ ይከማቻል። ሆኖም በአንድ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ግልባጮች ስላሉ ጥቂቶቹ ቢበላሹ ደኅነኞቹ ሥራውን ይሸፍናሉ። ጕዳቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ድርሻ ከመቶ 60 እስከ 80 ሲያልፍ ነው። ድካም በወጣትነት ተደብቆ ቆይቶ በኋላ የሚገለጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይሆን ተፈትኗል። በ2004 በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ተቋም ሊቃውንት የሚቶኮንድሪያ ጽሑፍ አራሚያቸው የተሰናከለባቸው አይጦች እንዲወለዱ አደረጉ። አይጦቹ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ጠጕራቸው ሳሳ፣ ጀርባቸው ጐበጠ፣ አጥንታቸው መነመነ፤ እኩሌቶቹም በ48 ሳምንት ገደማ ሞቱ። ደኅና አይጥ ግን ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በነዚህ አይጦች የተከማቸው ስሕተት በተፈጥሮ በሸመገለ ሰው ላይ ከሚገኘው እጅግ የበዛ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ስለዚህ የሚቶኮንድሪያ መበላሸት ለዕርጅና አንዱ ምክንያት እንጂ ብቸኛው አይደለም።

በዚህ ረገድ ገንዘባችሁን ከከንቱ ወጪ የሚያድን አንድ ነገር እንንገራችሁ። አሜሪካዊው ዴንሃም ሃርማን በ1956 ባወጣው ሐሳብ፣ ከኦክሲጅን ቃጠሎ እንደ ጢስ የሚወጡ ጐጂ ቅንጣቶች ሰውነትን ያስረጃሉ አለ፤ በ1972ም የጢሱ ዋና ምንጭ ሚቶኮንድሪያ ነው ሲል ጨመረበት። ከዚህ የተነሣ ጢሱን ያጠፋሉ የተባሉ እንክብሎች በየገበያው ተሸጡ። ነገር ግን ከ200,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉባቸው ሙከራዎች በ2007 በአንድነት ሲመረመሩ፣ እንክብሎቹ ዕድሜ እንደሚያረዝሙ አልታየም፤ እንዲያውም ቤታ ካሮቲን፣ ቫይታሚን ኤ እና ቫይታሚን ኢ ሞትን በጥቂቱ ከፍ ማድረጋቸው ተገለጠ። ሐኪም ጕድለት አግኝቶ ካላዘዘላችሁ በቀር ዕርጅናን ይከለክላል ለሚባል እንክብል ደመወዛችሁን አትስጡ።

የሚቶኮንድሪያ ጽሑፍ ከእናት ብቻ የሚወረስ ነው ለማለት ይቻላል፤ ወንድ ልጅ ይቀበላል እንጂ ለልጆቹ አያስተላልፍም። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት የ270 ኢትዮጵያውያንን የእናት ውርስ መርምሯል፤ ከነዚያም መካከል ጉራጌዎች ይገኙበታል። ጥናቱ የእናቶቻችን የዘር ሐረግ ከአፍሪካ ጥንታዊ ሐረጎችም፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ከሚገኙትም የተሠራ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ለታሪክ የሚጠቅም ዕውቀት ነው። ለጤና የሚጠቅመው ደግሞ እንዲህ ነው። በአንዳንድ ቤተ ሰቦች በእናት በኩል የሚወረድ አንድ የፊደል ለውጥ አለ፤ በ1993 ታወቀ። ይህ ያለበት ሰው ለሳምባ ነቀርሳ ለብዙ ዘመን ያገለገለውን ስትሬፕቶማይሲንን ወይም እንደ ጄንታማይሲን ያለውን መርፌ ቢወጋ፣ በተለመደው መጠን እንኳ ጆሮው ሊደነቍር ይችላል። ስለዚህ ከእናታችሁ፣ ከእናታችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወይም ከአክስቶቻችሁ ልጆች መካከል ከመርፌ በኋላ መስማት የተሳነው ሰው ካለ፣ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት። የታዘዘውን መድኃኒት ግን በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ።

ታዲያ እኛ ማድረግ የምንችለው ምንድን ነው? የወረስነውን ጽሑፍ መለወጥ አንችልም፤ የምድጃዎቹን ብዛትና ብርታት ግን መርዳት ይቻላል። በ1967 ጆን ሆሎስዚ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ፣ አይጦችን በየቀኑ በማስሮጥ በጡንቻቸው ያለው ሚቶኮንድሪያ ኃይል የመሥራት ችሎታው እጅግ እንደሚጨምር አሳየ። ከዚያ ወዲህ በሰዎች ላይ፣ በሽማግሌዎችም ሳይቀር፣ ተመሳሳይ ውጤት ተገኝቷል። ከጧት እስከ ማታ በወንበር ላይ የሚውል የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ከዚህ ትምህርት ይውሰድ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ጥቂት መንገድ በእግሩ ፈጠን ብሎ ቢሄድና ደረጃውን ቢወጣ ያለ ዋጋ የሚገኝ መድኃኒት ነው። ልቡ የታመመ ግን ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር።

በመጨረሻም በየቤቱ የምንሰማውን አንድ ቃል እናንሣ። አባት ወይም እናት ደከመኝ ሲሉ «ዕርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለን እናልፋለን። ከላይ እንዳያችሁት የሚቶኮንድሪያ መድከም ጕልበትን የሚቀንሰው በብዙ ዓመታት፣ ቀስ በቀስ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ የሚመጣ ድካም፣ ክሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር ማበጥ ግን የዕድሜ ሥራ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ የስኳር በሽታ፣ የደም ማነስ፣ የሳምባ ነቀርሳ ወይም የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል። እነዚህም ሕክምና ያላቸው ናቸው። በገጠር ያሉ ወላጆች ሕመማቸውን ለልጆቻቸው ሸክም እንዳይሆን ይደብቃሉና፣ በከተማ የምትኖሩ ልጆች ለበዓል ስትሄዱ ልብሱንና ስኳሩን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ምን እንደ ተለወጠባቸው ጠይቁ፤ ለውጥ ካገኛችሁም ወደ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።