ብሩ የት ቆመ?

የ2017 ፋሲካ ሊገባ ቅዳም ሹር ዕለት፣ ታናሽ እህቴ ለበዓሉ የቀረውን ልትገዛ ወጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች። ኤቲኤሙ ካርዷን ተቀበለ፤ ብር ሲቆጥር ድምፁ ተሰማት፤ ከዚያ ይቅርታ የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ካርዱን መለሰላት። ብር አልወጣም። ወዲያው ግን ስልኳ ላይ መልእክት ገባ፦ ከሂሳብዎ 3,000 ብር ተቀንሷል። እናቴ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀምጣ "በሉት በቃ!" አለች። እህቴ እንባዋ ቀረበ።

እኔ ከዓመታት በፊት በባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ብር ስቆጥር ኖሬያለሁ። "አልበሉትም። ብሩ አንድ ቦታ ቆሟል፤ የት እንደቆመ እንፈልግ" አልኳቸው። እናቴ ከመቀነቷ የዕቁብ ብሯን ፈትታ ዶሮዋን አስገዛች፤ እኛ ደግሞ ሽንኩርቱን ተካፍለን እየላጥን ስለ ብሩ ማውራት ቀጠልን።

በባንክ ውስጥ ብር ሲንቀሳቀስ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ይጻፋል። እህቴ ያስቀመጠችው ገንዘብ ለእሷ ሀብቷ ነው፤ በባንኩ መዝገብ ግን ባንኩ ለእሷ ያለበት ዕዳ ነው። በካዝናው ወይም በማሽኑ ውስጥ ያለው ጥሬ ብር ደግሞ የባንኩ ሀብት ሆኖ ይቆጠራል። 3,000 ብር ስታወጣ ዕዳውም ብሩም እኩል ይቀንሳሉ። ያን ቀን ዕዳው ተቀነሰ፤ ብሩ ግን እዚያው ቀረ። ስለዚህ በአንድ በኩል ሂሳቧ በ3,000 ጎድሏል፤ በሌላ በኩል በማሽኑ ውስጥ ሊኖር ከሚገባው 3,000 ብር በልጦ ተቀምጧል።

እንዲህ የሚሆነው በሥራው ቅደም ተከተል ምክንያት ነው። ካርዱን አስገብተሽ የሚስጥር ቁጥርሽንና የብሩን መጠን ስትነኪ፣ ማሽኑ ጥያቄውን ካርዱን ወደሰጠው ባንክ ይልካል። ማሽኑ የሌላ ባንክ ከሆነ ጥያቄው ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ያልፋል። የካርዱ ባንክ በቂ ብር መኖሩን አይቶ መጀመሪያ ከሂሳቡ ይቀንስና "ክፈል" ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑ ብሩን ከሣጥኑ እየሳበ የሚቆጥረው። ሁለት ኖት ተጣብቆ ከመጣ ወይም ያረጀ ብር ከተሰነቀረ፣ ለማይከፈል ብር ወደተዘጋጀው የውስጥ ሣጥን ይጥለዋል። ብር ሳይከፍል ከቀረ ደግሞ "አልከፈልኩም፣ መልሱላት" የሚል መልእክት መላክ አለበት። ብዙ ጊዜ ይልካል፤ ገንዘቡም ወዲያው ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት ኔትወርክ ወይም መብራት ከተቋረጠ ግን መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። የእህቴም ይህ ሳይሆን አልቀረም።

ማሽኑ ግን የሠራውን ሁሉ በራሱ መዝገብ ይጽፋል፦ የትኛው ካርድ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ብር ተጠየቀ፣ ስንት ወጣ። ብር የሚሞሉት ሠራተኞች ሲቆጥሩ ትርፉ ይገኛል። ትርፍ ተገኘ ማለት ግን የማን እንደሆነ ታወቀ ማለት አይደለም። ደንበኛው የሚያቀርበው አቤቱታ ሥራው ይኸው ነው፤ ባለቤት የሌለውን ትርፍ ከባለቤቱ ጋር ማገናኘት። ስለዚህ አቤቱታው ቁጣ ብቻ ከሆነ አይጠቅምም፤ አድራሻ መሆን አለበት።

አድራሻ ስል፦ ማሽኑ የትኛው ባንክ፣ የትኛው ቅርንጫፍ በር ላይ እንደሆነ፣ የተጠየቀው ብር፣ የሂሳብ ቁጥሩ፣ ደረሰኝ ከወጣ ደረሰኙ፣ ካልወጣ የስልኩ መልእክት። ይህን ብዙ ሰው ይይዛል። እኛ አገር ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱና ቀኑ ላይ ነው፤ እኔ ራሴ መስኮት ኋላ ሆኜ ስንት ጊዜ እንዳየሁት! እህቴ ማሽኑ ጋ የቆመችው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ማሽኑ የሚያትመው 14:32 ብሎ ነው። ቅጹ ላይ "8፡32" ብላ ብትሞላ፣ አጣሪው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሆነውን ይፈልግና "በተባለው ሰዓት የተመዘገበ ነገር የለም" ብሎ ይመልሳታል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ዕለቱ ሚያዝያ 11 ነበር፤ መልእክቱ ላይ ግን 19/04/2025 ይላል። 11/8/2017 ብሎ የጻፈ ሰው አቤቱታው ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት ወደነበረ ነሐሴ ይሄድበታል። ሰዓቱንና ቀኑን ከመልእክቱ ላይ እንዳለ መገልበጥ ነው የሚሻለው፤ በራስ አቆጣጠር መጻፍ ያስፈለገው ሰው ደግሞ "በኢትዮጵያ አቆጣጠር" ብሎ በግልጽ ይጻፍ። ባንኮች ቅጻቸው ላይ ለሁለቱም አቆጣጠር ቦታ ቢያደርጉ ኖሮ ስንት ሰው ከእንግልት በዳነ!

አቤቱታው የሚገባው ካርዱን ለሰጠው ባንክ ነው። ማሽኑ የሌላ ባንክ ቢሆንም የሚከራከርልሽ ያንቺ ባንክ ነው። እህቴ በዚያው ቅዳሜ ደንበኞች አገልግሎት ደውላ "ይመለሳል፣ ይጠብቁ" ተባለች። ስሟን የጠየቃት፣ ቁጥር የሰጣት የለም። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ያልተመዘገበ አቤቱታ እንዳልቀረበ ነው የሚቆጠረው። ሰኞ ጠዋት ቅርንጫፏ ሄዳ በጽሑፍ አመለከተች፤ ቅጂው ላይም "ገቢ ሆኗል" ተብሎ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም እንዲያርፍበት ጠየቀች። ቅርንጫፍ ካልፈታው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል፣ እዚያም ካልሆነ ወደ ብሔራዊ ባንክ ይኬዳል፤ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃን የሚከታተል ክፍል አለው። በየደረጃው መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ማኅተም ያለበት ቅጂ ነው።

የማሽኑን ስህተት ይህን ያህል ካልኩ የሰውንም ልናገር። አንድ ቀን ማምሻውን ሂሳቤን ስዘጋ 4,500 ብር ተረፈኝ። ጉድለት ቢሆን ከኪሴ እሞላለሁ፤ ትርፍ ግን የሌላ ሰው ጉድለት ነው፤ እኔን ጉድለት ከሚያስጨንቀኝ በላይ ያስጨንቀኝ ነበር። አንዲት የቀደመችኝ ገንዘብ ተቀባይ መጥታ "ለ9 አካፍለው" አለችኝ። 500 መጣ፤ ቀሪ የለም። "እንግዲያው ቁጥር አገላብጠሃል" አለች። ሁለት አሃዝ ቦታ ሲለዋወጥ ልዩነቱ ምንጊዜም ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። የገቢ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስናይ አንድ አባት 7,200 አስገብተው እኔ 2,700 ብዬ መዝግቤላቸው ተገኘ። አንድ ዜሮ ሲጨመርም ይኸው ነው፤ 1,500 በ15,000 ቢመዘገብ ልዩነቱ 13,500 ነው፣ ለ9 ሲካፈል ትክክለኛውን 1,500 ይሰጣል። ቤታችሁም ደብተራችሁና የባንኩ ስቴትመንት ሲለያዩ ሞክሩት። ለእኚያ አባት ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እሳቸው ግን ገና አላወቁም ነበር። ደረሰኙን ሳያነቡ አጥፈው ኪሳቸው ከትተውት ነበር የሄዱት። መስኮቱ ፊት ሳሉ ቢያነቡት በአንድ ደቂቃ ይታረም ነበር።

ስህተቱ ወደ እኛ ሲያዳላስ? መጋቢት 7 ቀን 2016 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ ከጥገናና ከፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ባንኩ ያለ አግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን አስታወቀ፤ ወሩ ሳያልቅ ከ622 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ተመልሶ ነበር። ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ባንኩ በአደባባይ አወጣ። እናቴ "እንዴት አወቋቸው?" አለችኝ። የእህቴን 3,000 በምናገኝበት በዚያው መንገድ ነው፤ ማሽኑ የከፈለውንም ያልከፈለውንም በካርድ ቁጥር ይጽፋል። ሕጉም ግልጽ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2164 ሊከፍለው የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ከየት እንደመጣ የማናውቀው ብር ሂሳባችን ላይ ከገባ አለመንካትና ለባንኩ ማሳወቅ ነው።

እዚህ ላይ እናቴን ደጋግሜ አስጠነቀቅኳት፤ አጭበርባሪዎች ይህንኑ ቅንነት ነው የሚጠቀሙበት። "እናቴ፣ በስህተት 5,000 ብር አስገባሁብዎ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ" ብሎ የሚያለቅስ ሰው ይደውላል፤ ከዚያ በፊት የባንክ የሚመስል መልእክት ልኳል፤ ብሩ ግን አልገባም። እናቴ ብትልክለት የምትልከው ከራሷ ገንዘብ ይሆናል። መልእክቱን ትተሽ ሂሳብሽን እዪ፤ በእውነት ገብቶ ቢሆን እንኳ በእጅሽ አትላኪ፣ ባንኩ በመጣበት መንገድ ይመልሰው። የሚስጥር ቁጥርሽን የሚጠይቅ ደዋይ ካለ ደግሞ የባንክ ሠራተኛ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ይለያል። ባንኩ የሳተውን ባንኩ ያርማል። እኛ ራሳችን አንድ አሃዝ ስተን ለማናውቀው ሰው ከላክን ግን ባንኩ ያን ሰው ለምኖ ነው የሚያስመልሰው፤ እንቢ ካለ ፍርድ ቤት መሄድ ይመጣል። ከመላክ በፊት የሚመጣውን ስም ማንበብ ያለብን ለዚህ ነው።

እህቴ በየሁለት ቀኑ ያቺን ቅጂ ይዛ ቅርንጫፉ ትሄድ ነበር። በስድስተኛው የሥራ ቀን፣ ምሳ ላይ ሳለን ስልኳ ጮኸ፤ 3,000 ብር ገቢ ሆኗል። በማግስቱ አውጥታ ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ ሁለቴ ቆጥራ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው፤ የዕቁቡ ቀን ቅዳሜ ነበር።