የዋይፋይ የይለፍ ቃል በሊኑክስ ኮምፒውተር ውስጥ የት ይቀመጣል?

ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር የዋይፋይ የይለፍ ቃል አንዴ ከነገሩት በማግስቱ ሳይጠይቅ ይገናኛል። ይህን የሚያስታውሰው ኔትወርክ ማኔጀር የሚባል ፕሮግራም ነው። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ሲሆን ዛሬ ኡቡንቱንና ፌዶራን ጨምሮ በብዙ የሊኑክስ ዴስክቶፖች ላይ ይሠራል።

ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ አንድ ትንሽ ፋይል ያዘጋጃል፤ የኔትወርኩን ስምና የጥበቃውን ዓይነት እዚያ ይመዘግባል። የይለፍ ቃሉን ግን ከሦስት በአንዱ መንገድ ይይዘዋል።

አንደኛው ለሁሉም ተጠቃሚ ማስቀመጥ ነው። ቃሉ በዚያው ፋይል ውስጥ ሳይመሰጠር እንዳለ ይጻፋል፤ ፋይሉን ለማንበብ ፈቃድ ያለው ሩት የሚባለው የበላይ ተጠቃሚ ብቻ ነው። ጥቅሙ ኮምፒውተሩ ገና እንደበራ፣ ማንም አካውንቱን ሳይከፍት መገናኘቱ ነው።

ሁለተኛው ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ማስቀመጥ ነው። ቃሉ ተመስጥሮ በግኖም ኪሪንግ ወይም በኬዋሌት ውስጥ ይገባል። ይህ ቁልፍ ያለው ሣጥን እንደማለት ነው፤ ቁልፉም አብዛኛውን ጊዜ የአካውንታችን መግቢያ ቃል ነው። ኮምፒውተሩ መግቢያ ቃል ሳይጠይቅ እንዲከፈት ያደረጉ ሰዎች ዋይፋይ ሊያገናኙ ሲሉ የኪሪንግ ቃል የሚጠየቁት ለዚህ ነው፤ ሣጥኑን የሚከፍት ቃል ማንም አላስገባምና። ጥያቄው ሰልችቷቸው የኪሪንጉን ቃል ባዶ የሚያደርጉ አሉ። ያኔ ምስጠራው ይቀራል፤ የተቀመጠው ሁሉ ያለ ጥበቃ ይሆናል።

ሦስተኛው ጨርሶ አለማስቀመጥ ነው፤ በተገናኙ ቁጥር ይጠየቃሉ።

የመጀመሪያው መንገድ አደጋ የሚጎላው ኮምፒውተሩ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ነው። የሩት ፈቃድ የሚከላከለው ያ ሲስተም እየሠራ ሳለ ብቻ ነው። ማሽኑን ሊኑክስ ባለበት ፍላሽ ያስነሳ ሰው ዲስኩን ከፍቶ፣ በቤትዎም ሆነ በመሥሪያ ቤትዎ የተጠቀሙባቸውን የይለፍ ቃሎች አንድ በአንድ ያነባል።

ስለዚህ ላፕቶፕ ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ሊኑክስን ሲጭን ሙሉ ዲስኩን የሚመሰጥረውን ምርጫ ይምረጥ። ዲስኩ ከተመሰጠረ፣ ተዘግቶ የተሰረቀ ማሽን የዋይፋይ ቃልዎን አያወጣም። ኮምፒውተርዎን ለሌላ ሰው ከመሸጥዎ ወይም ከመስጠትዎ በፊትም ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ያጽዱ፤ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን ዋይፋያቸውን ያካፈሉዎት ወዳጆችና ዘመዶች ቃልም እዚያው ውስጥ አለ።