የውጅግራው መዝጊያ ስንት ኩንታል ይሸከማል?

ከግራና ብዙም በማትርቀው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ያስከተለው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በጦርነት ተቋጨ። በዚያን ዕለት በወገን ጦር እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የተገኘ ነው።

ቃታው ሲሳብ የባሩዱ ጋዝ ዓረሩን ወደ ፊት ይወረውራል፤ በዚያው ቅጽበት የቀለሁን መቀመጫ ወደ ኋላ ይገፋል። በዚህ ግፊትና በተኳሹ ፊት መካከል የቆመው መዝጊያው ብቻ ነው። ታዲያ ምን ያህል ኃይል ያርፍበታል?

የዓረሩ ክብደት 25 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ካይኔቲክ ኢነርጂው ወደ 2,500 ጁል ይደርሳል። ይህን ዓረሩ በአፈሙዙ ውስጥ ለሚጓዘው 0.76 ሜትር ብናካፍለው 3,300 ኒውተን አማካይ ኃይል እናገኛለን። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ሁለት ነገሮች ግን ይቀራሉ።

አንደኛ፣ የቀለሁ ውስጣዊ ወለል ከዓረሩ ይሰፋል። ዲያሜትሩን 13 ሚሊ ሜትር ብንል ስፋቱ 1.33 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለተኛ፣ ብረት የሚሰበረው በአማካዩ ሳይሆን በከፍተኛው ግፊት ነው። ከፍተኛውን ግፊት ለስሌት ያህል 150 ሜጋ ፓስካል ብናደርገው፣ ግፊት ሲባዛ በስፋት 20,000 ኒውተን ይሰጠናል። ይህም የሃያ ኩንታል ጤፍ ክብደት ነው!

ተኳሹ ትከሻ ላይ ይህ ሸክም የማይሰማው ስለ ምንድን ነው? ኃይሉ የሚቆየው ከ5 ሚሊ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ በመሆኑ ነው። 4.2 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ጠመንጃ የጋዙ ድርሻ ታክሎበት በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ትከሻ የሚቀበለው ይህንኑ ሞመንተም በረዘመ ጊዜ ነው። መዝጊያው ግን ሙሉውን ይሸከማል።

የናሱ ቀለህ በግፊቱ ተለጥጦ የአፈሙዙን ግድግዳ ስለሚይዝ ከሸክሙ ከፊሉን ይቀንሳል። ቀለሁ ያረፈበት ቦታ በዘይት ከራሰ ግን ሰበቃው ይቀንስና መዝጊያው ላይ የሚያርፈው ኃይል ይጨምራል።

በውጅግራ ይህን ሁሉ የሚያግደው በመዝጊያው እጀታ ሥር ያለ አንድ የብረት ጉብታ ነው። በኋላ የመጣው ለበን ሁለት ጥርሶች ከፊት አሉት። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ፣ የዛገና የተበላ ጉብታ ሃያ ኩንታሉን ዛሬም ይችል እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ የአያት ውጅግራ በሰርግም በለቅሶም ባይተኮስ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታሪኩን ቢነግረን ይሻላል።