ከዛንዚባር ባሕር እስከ ጣርማ በር፤ በጥቅል ጉዞው ሒሳብ ያልገቡ ሌሊቶች

የአዲስ አበባ የጉዞ ወኪሎች ከሚሸጧቸው የውጭ አገር የዕረፍት ጉዞዎች መካከል ዛንዚባር የታወቀ ስም ሆኗል። የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴል አልጋ ከነቁርሱ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ መሸኘት በአንድ ዋጋ ይጠቀለላል። ጉልበቱም ገንዘቡም ያለው ደንበኛ በዚህ ላይ ስኩባ ይጨምራል፤ የታመቀ አየር በጀርባ አዝሎ ከባሕር ሥር መጥለቅ ማለት ነው። ወጪውን መደመር አያስቸግርም። የሚያስቸግረው መመለሻው ነው፤ በተለይም ተጓዡ የመንዝ ወይም የግሼ ተወላጅ ሆኖ፣ ቦሌ በወረደ ማግሥት ለበዓል አገር ቤት ለመውጣት ያሰበ እንደሆነ።

በገንዘቡ እንጀምር። መሠረታዊው የስኩባ ኮርስ ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል፤ ዋጋውም በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 600 ዶላር ነው። የምስክር ወረቀቱን ለያዘ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ መጥለቅ ከ100 እስከ 150 ዶላር ገደማ ያስወጣል። የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመለቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ያኔ 28,500 ብር ይሆን የነበረው የ500 ዶላር ኮርስ ዛሬ የት እንደደረሰ ነጋዴው ራሱ ያሰላዋል። ባንኮች ለመንገደኛ ምንዛሪ ሲሸጡ ፓስፖርትና ትኬት ስለሚጠይቁ፣ የመጥለቁ ወጪ ከትኬቱ ጋር አብሮ ቢታቀድ ይሻላል። ዛንዚባር በበኩሏ ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ አገር እንግዳን 44 ዶላር የመድን ክፍያ ታስከፍላለች። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ከኢትዮጵያ ለሚነሣ መንገደኛ ግዴታ ነው።

ለደገኛ ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ወጪ ግን ዋና መማር ነው። ፓዲ የተባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት የመጀመሪያውን ደረጃ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው 200 ሜትር ለሚዋኝና ለ10 ደቂቃ ውኃ ላይ ለሚንሳፈፍ ነው። ይህን ዶላር እየከፈሉ ደሴት ላይ ከመማር በአዲስ አበባ ሆቴሎች ገንዳ ወይም ሶደሬ ወርዶ በብር መማር ያዋጣል። የጤና መጠይቁም እንዲሁ ነው። የልብ፣ የአስም ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው የሐኪም ፊርማ ያስፈልገዋል፤ ፊርማው ደግሞ አገር ቤት ይረክሳል። ዋና የማይሆንለት ሰው ከአስተማሪ ጋር እስከ 12 ሜትር የሚወርድበት የሙከራ መጥለቅ አለለት። ምስክር ወረቀት ግን አያገኝበትም።

የአምቦ ውኃ ጠርሙስ

በብዙዎች ዘንድ ጠላቂው በጀርባው የተሸከመው ኦክስጅን ይመስላል። በመዝናኛ መጥለቅ የሚያዘው ግን በአብዛኛው ተራ አየር ነው፤ ከአምስት እጁ አራቱ ያህል ናይትሮጅን። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የአየር ግፊት ይጨመራል። መሠረታዊው ምስክር ወረቀት በሚፈቅደው 18 ሜትር ላይ ያለ ሰው በባሕር ዳርቻ ካለው 2.8 እጥፍ ግፊት ይሸከማል። በዚያ ግፊት የሚተነፍሰው ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ እየሟሟ ይጠራቀማል።

ቀጥሎ የሚሆነውን የአምቦ ውኃ ጠርሙስ የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል። ክዳኑ እስካለ ድረስ ጋዙ ከውኃው ጋር ተስማምቶ ይቀመጣል፤ ክዳኑ ሲነሣ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ጠላቂ ቀስ ብሎ ሲወጣ ናይትሮጅኑ በሳንባው በኩል ያለ ችግር ይሸኛል። የግፊቱ ቅነሳ ከፈጠነ ግን አረፋው በመገጣጠሚያ፣ በነርቭ፣ ሲብስም በአከርካሪ ውስጥ ይፈጠራል። ይህ የጠላቂዎች ሕመም ይባላል፤ ሽባ አድርጎ ሊያስቀርም ይችላል።

ከባሕር መውጣት ደግሞ የመጨረሻው መውጣት አይደለም፤ ከፍታም ክዳን ይከፍታል። ጣርማ በር ላይ አፉ ተከድኖ ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ባዶ ሃይላንድ ተጨማዶ እንደሚደርስ መንገዱን የሚመላለሱ ሾፌሮች ያውቃሉ። ተጓዡ የሚሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የባሕር ዳርቻውን የአየር ግፊት 100 ብንል፣ አዲስ አበባ 75፣ መሐል ሜዳ 68 ገደማ ላይ ናቸው።

ሠንጠረዡ የሚያልቅበት ቦታ

ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ከመጥለቅ በኋላ ወደ አውሮፕላን ለመግባት የሚጠበቀውን ሰዓት አስቀምጧል። አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለብዙ ቀን ወይም በቀን ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ነው። ብዙ አስተማሪዎች አጠጋግተው 24 ሰዓት ይላሉ። እነዚህ ሰዓታት የተሰሉት የአውሮፕላን ውስጥ አየር ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ጋር እኩል ይሆናል በሚል ነው።

እዚህ ላይ ነው የሰሜን ሸዋ ሰው ሒሳብ ከሌላው የሚለየው። ለአውሮፓዊው ቱሪስት አውሮፕላኑ የጉዞው ከፍተኛ ቦታ ነው፤ አገሩ ሲያርፍ ወደ ባሕር ጠለል ይመለሳል። ቦሌ ግን 2,330 ሜትር ላይ ስለሆነ መንገደኛው ከአውሮፕላን ቢወርድም ሰውነቱ ከከፍታው አልወረደም ማለት ይቻላል። ደብረ ብርሃን ሲደርስ ከ2,800 ሜትር ያልፋል። ጣርማ በር ከ3,200 ሜትር ያላነሰ ነው፤ መሐል ሜዳ ከ3,100 በላይ፤ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700። ለበዓል የሚወጣው ሰው በመኪና የሚደርስበት ከፍታ፣ የደኅንነት ሰዓቱ ከተሰላበት አውሮፕላን በላይ ነው።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ከመጥለቅ በኋላ ተራራ ለመውጣት የሚጠቀሙበት ሠንጠረዥ አላቸው። እርሱም 10,000 ጫማ፣ ማለትም 3,048 ሜትር ላይ ያበቃል። መሐል ሜዳ ከሠንጠረዡ ውጭ ናት።

«እኛ ደጋ ተወልደን ያደግን ነን፤ ከፍታ ምን ያደርገናል?» የሚል መልስ ይጠበቃል። ደገኛነት የሚረዳው ለኦክስጅን እጥረት ነው፤ የናይትሮጅን አረፋ የትውልድ አገር አይጠይቅም። እንዲያውም የመንዝ ሰው ባሕር ዳርቻ ወርዶ ጥቂት ቀን ሲሰነብት፣ ሳይጠልቅም ቢሆን ሰውነቱ አገር ቤት ከነበረው የበለጠ ናይትሮጅን ይይዛል።

ነገሩ ለዚች አገር ሰዎች አዲስም አይደለም። ምጽዋና ዳህላክ በኢትዮጵያ ሥር በነበሩበት ዘመን፣ ከባሕር ወጥቶ 115 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና የተጓዘ ጠላቂ 2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለችው አሥመራ ይገባ ነበር። ችግሩ ያው ነው፤ የመንዙ ግን በ800 ሜትር ይብሳል።

ብርድ ነው ሲባል

መንዝ ላይ የበለጠ የሚያሰጋው ሕመሙ የሚሰጠው ስም ነው። የትከሻ ወይም የጉልበት ቁርጥማት፣ የእጅ መደንዘዝ፣ የቆዳ ሽፍታ፣ ማዞር፣ ያለ ምክንያት መድከም ምልክቶቹ ናቸው። ከሞቃት ደሴት መጥቶ መሐል ሜዳ ያደረ ሰው ይህ ቢሰማው ቤተሰቡ «ብርድ መታው» ብሎ ባና ደርቦ፣ አረቄ አቅምሶ ያስተኛዋል። ጊዜ ማለፉ ደግሞ ጉዳቱን ያጠነክረዋል። የመጀመሪያው እርዳታ በጭምብል የሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሆን፣ ሁነኛው ሕክምና በግፊት ክፍል የሚሰጠው ነው። ለሐኪሙም ከሁሉ አስቀድሞ መቼና ስንት ሜትር እንደጠለቁ መናገር ያስፈልጋል፤ ካልተነገረው ከመንዝ የመጣ በሽተኛ ባሕር ውስጥ ነበር ብሎ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም። ከመሐል ሜዳ በዋናው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና መመለስም በመጀመሪያ ወደ ጣርማ በር መውጣትን ይጠይቃል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት መክረሙ አይዘነጋም።

ስለዚህ የጉዞው ዕቅድ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ ቢቆጠር ይመረጣል። ገና ታኅሣሥ 29 በሚውልበት ዓመት መሐል ሜዳ ለማክበር የሚፈልግ ነጋዴ፣ የመጨረሻውን መጥለቅ ታኅሣሥ 25 እኩለ ቀን ላይ ይጨርስ። በ26 ከሰዓት በኋላ ይብረር፤ ሁለት ሌሊት አዲስ አበባ ይደር፤ በ28 ይውጣ። ከባሕር ከወጣ ሦስት ቀን ሊሞላው ነው ማለት ነው። ለ3,100 ሜትር የተጻፈ ሰዓት ስለሌለ ይህ ጥንቃቄ እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ደጋግሞና ጠለቅ ብሎ የወረደ ሰው ቀን ይጨምር፣ ከመነሣቱ በፊትም ጠላቂዎችን የሚያውቅ ሐኪም ያማክር። የመርሐቤቴ ሰው ጥቂት ይቀልለዋል። በሙከጡሪ በኩል የሱሉልታን ደጋ ካለፈ በኋላ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል፤ ዓለም ከተማም ከአዲስ አበባ ብዙ የማትበልጥ ናት። እርሱም ቢሆን እንጦጦን ተሻግሮ ነውና ሁለቱን ሌሊት ባይዘል ይበጀዋል።

የወቅቱን ነገር ካነሣን፣ ፋሲካን ከዛንዚባር ጋር ማጣመር አያዋጣም፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደሴቲቱ ላይ ዋናው ዝናብ ነው። የእኛ ክረምት ግን ለእነርሱ ደረቅ ወቅት ነው። በሐምሌና ነሐሴ ገበያው የሚቀዘቅዝበት ነጋዴ፣ መንዝም የሚጠራው በዓል ስለሌለ፣ ያለ ጥድፊያ ሄዶ ይመለሳል።

ባሕር የማይገባበት የመጨረሻው ቀን ገንዘቡን የበላ ቀን አድርጎ ማየት አይገባም። በዩኔስኮ የተመዘገበውን የድንጋይ ከተማ መጎብኘት፣ የቅመም እርሻዎችን ማየት ይቻላል። ቅርንፉድ በጆንያ ገዝቶ ለመምጣት ያሰበ ካለ ግን ይወቀው፤ የዛንዚባርን ቅርንፉድ ከገበሬው የሚረከበው የመንግሥት ንግድ ኮርፖሬሽን ነው።

የቀረው መድን ነው። የተለመዱ የጉዞ መድን ውሎች ስኩባን ጨርሰው ያገላሉ፣ ወይም በጥልቀት ይወስኑታል፤ ለጠላቂዎች ብቻ የሚሸጥ መድን ለብቻው አለ። ውሉን ከመፈረም በፊት ለሻጩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። የግፊት ክፍል ሕክምናን ይከፍላል ወይ? ተጓዡ አገሩ ከገባ በኋላ የታየ ሕመምንስ ይሸፍናል? በሽተኛውን ከመሐል ሜዳ እስከ ግፊት ክፍሉ ማን ያደርሰዋል?