ከዋናው መስመር ለራቁ አካባቢዎች የቀረበው የፀሐይ ኃይል ምን ይሰጣል?

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ሲነደፍ ከሕዝቡ 65 በመቶ የሚሆነው ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር፣ ቀሪው 35 በመቶ ደግሞ ከመስመር ውጪ ካሉ አማራጮች ኃይል እንዲያገኝ ታቅዷል። ተራርቀው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ምሰሶ ተክሎ ሽቦ መዘርጋት ከፍተኛ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ በሁለተኛው ክፍል የፀሐይ ኃይል ዋነኛውን ድርሻ ይዟል።

አማራጮቹ ግን በአቅም እኩል አይደሉም። ፓነል፣ ባትሪና መቆጣጠሪያ ያለው አነስተኛ የቤት መሣሪያ አምፖሎችን ያበራል፣ ስልክ ይሞላል፣ ሬዲዮ ያሠራል፤ የኩራዝን ጭስና የነጭ ጋዝ ወጪን ያስቀራል። እንጀራ ግን አይጋገርበትም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ሲፈልግ፣ የአብዛኞቹ የቤት መሣሪያዎች አቅም በአሥሮች የሚቆጠር ዋት ነው። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ገዢ ቅር ቢሰኝ አይፈረድበትም። ወፍጮን የመሰለ ከፍ ያለ ኃይል የሚሻ ሥራ ላለባቸውና ነዋሪዎቻቸው ተሰባስበው ለሚኖሩ መንደሮች የሚመጥነው፣ ከአንድ ማመንጫ ለብዙ ተጠቃሚዎች ኃይል የሚያከፋፍለው ሚኒ ግሪድ ነው።

ከመሣሪያው ክፍሎች ቀድሞ የሚያረጀው ባትሪው ነው። ፓነሉ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲያገለግል፣ ባትሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ መለወጥ ያስፈልገዋል። ስለሆነም ገዢዎች የሚሰጣቸው የጽሑፍ ዋስትና ባትሪውን የሚጨምር መሆኑን፣ መለዋወጫና ጠጋኝም በአቅራቢያቸው መኖሩን ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ሊያረጋግጡ ይገባል። ፓነሉ የዛፍ ጥላ በማያርፍበት ሥፍራ ተተክሎ፣ በተለይ በበጋ ወራት አቧራው በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ሊጠረግ ይገባል።